ማይንክራፍት ሲቪዬ ላይ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰሞኑን በጣም ደስ ብሎኛል። ለአይቲ ድጋፍ ሥራ ኢንተርቪው ገብቼ ጠያቂዬ ከዲግሪዬ ይልቅ ሲቪዬ ላይ ስላለች አንዲት መስመር ደጋግሞ ጠየቀኝ። መስመሯ ማይንክራፍት የሚባለው ጌም የሚሠራበትን ሰርቨር (ተጫዋቾች በኔትወርክ የሚገናኙበትን ኮምፒውተር) ስለማስተዳደሬ ናት። ውጤቱን ገና አልሰማሁም። ቢሆንም ላካፍላችሁ።

ጅማሬው ብዙ ወሬ የለውም። ጌሙን ወደድኩት፣ ለጓደኞቼና ለዘመዶቼ ሰርቨር ከፈትኩ፣ ሰርቨሩ የሚሠራበትን ሊኑክስ የሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተምም እግረ መንገዴን ለመድኩ።

ያስቸገረኝ አጻጻፉ ነው። እኛ ጋ የሥራ ልምድ ሲባል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይፈለጋል። ጌም ማኅተም የለውም። ስለዚህ «የሥራ ልምድ» ሥር አታስገቡት፤ «ፕሮጀክቶች» የሚል ክፍል ክፈቱለት። በተለይ «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ላይ የሁሉም አመልካች ሲቪ ስለሚመሳሰል እዚያ ክፍል ያለው ነገር ዓይን ይገባል።

«ማይንክራፍት እጫወታለሁ» ብቻ ከሆነ ግን ባይጻፍ ይሻላል። የእኔ እንዲህ ይላል፦ «14 ተጠቃሚዎች ያሉት የሊኑክስ ሰርቨር (ማይንክራፍት) አስተዳድራለሁ። መግባት የሚችሉትን በዝርዝር ወስኛለሁ፤ በየሌሊቱ በራሱ ባክአፕ የሚወስድ ስክሪፕት ጽፌያለሁ።» ሥራው ይቀድማል፣ የጌሙ ስም ይከተላል። ስሙን ደብቁት የሚሉ አሉ፤ በፍጹም አልስማማም። «የምን ሰርቨር ነው?» መባሉ አይቀርም፤ የደበቀ ሰው ያኔ ይርበተበታል።

ጠያቂዬን የሳበው ሰርቨሩ ሲንቀራፈፍ ያደረግኩት ነገር ነው። ሰው ሲበዛ ጌሙ ይጎተት ነበር። ሁሉም ኢንተርኔቱን ያማል። ሎጉን (ሰርቨሩ የሚጽፈውን መዝገብ) ሳየው ግን ሰርቨሩ ራሱ ሥራው ላይ መድረስ አቅቶታል። ማይንክራፍት ዓለሙን በሰከንድ 20 ጊዜ ያድሳል፤ አንዱ ዙር ከ50 ሚሊሰከንድ ከበለጠ መዘግየቱ ይጀምራል። ራም ለመግዛት ከመሮጥ በፊት ቪው ዲስታንሱን (ሰርቨሩ ለተጫዋቹ የሚያሳየውን የዓለም ርቀት) ከ10 ወደ 6 አወረድኩት። ተስተካከለ። ይህን ስናገር ሰውዬው ማስታወሻ መያዝ ጀመረ። እንዲህ ያለ አንድ ታሪክ በደንብ አዘጋጁ፤ ለእኔ «በቡድን መሥራት እችላለሁ» ከሚል ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ይበልጣል።

ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በሚባል ጌም የጊልድ (የተጫዋቾች ቡድን) መሪ የነበረው ስቲቨን ጊሌት ስታርባክስ ውስጥ የኢንፎርሜሽን ኃላፊ ሆኖ መሥራቱን እየጠቀሱ ጌም ብቻውን ያስቀጥራል የሚሉ ያናድዱኛል። ሰውዬው ከዚያ በፊት ያሁ ውስጥ በምህንድስና ኃላፊነት ሠርቷል። ጌሙ ተጨማሪ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ ባንክ ሳመለክት መስመሯን አወጣታለሁ። ሲቪውን መጀመሪያ የሚያየው ሰው ጌም የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ እንዳይጥለው እፈራለሁ። ልክ ይሁን አይሁን ገና አልወሰንኩም።

ሰርቨር የሌላችሁ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት የፊፋ ውድድር አዘጋጅታችሁ ታውቁ ከሆነ እሱን ጻፉ፦ ስንት ሰው መዘገባችሁ፣ ብሩን እንዴት ያዛችሁ፣ ክርክር ሲነሳ በምን ዳኛችሁ። ማን ስንት ለስንት እንዳሸነፈ ተዉት።