እሳት ዳር፣ ከሰሜኑ ብርሃን ሥር

ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ እንደምኖር የሰማ ሰው መጀመሪያ ስለ ብርዱ ይጠይቀኛል። ቀጥሎ ስለ ሰሜኑ ብርሃን። «እውነት ሰማዩ አረንጓዴ ይሆናል?» ይሉኛል። አዎ፣ ይሆናል። ስለ እሳቱ ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም። እኔ ደግሞ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ እሳቱ ነው።

ከተማችን ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም። እኩለ ቀን ላይ ሰማያዊ ድንግዝግዝ ይመጣና ጥቂት ቆይቶ ይሄዳል። ብርዱ እንኳ እንደሚወራው አይደለም። ከደቡብ የሚመጣ ሞቃት የባሕር ጅረት ስላለ፣ ከተማው ውስጥ ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ነው። የሚከብደው ዝምታው ነው። እዚህ ሰው ጨዋ ነው፣ ግን አያወራም። ደረጃ ላይ የምታገኙት ጎረቤት «ሃይ» ብሎ ያልፋል። አውቶቡስ ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ አጠገባችሁ የሚቀመጥ የለም። ሰላምታ ተጠያይቆ፣ ቤተሰብ ተጠይቆ፣ ከዚያ ወደ ጉዳይ መግባት ለለመደ ሰው ይሄ ከባድ ነው።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ስድሳ ዓመቷን ልትደፍን የተቃረበች የሥራ ባልደረባ አለችኝ። አብረን ብዙ ሌሊት አድረናል። ወሬያችን ግን ማን መድኃኒቱን ወሰደ፣ ማን እንቅልፍ አጣ ከሚለው አልፎ አያውቅም ነበር። ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ተራ ስንረካከብ ስልኳን እያየች «ቅዳሜ ማታ ስኪቦትን ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል። እሳት እናነዳለን። ልጅሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ቀጥላ «አሳማ ትበላላችሁ?» ብላ ጠየቀች። አንበላም አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀችና ወጣች።

አንድ ያገራችንን ልጅም አስከትዬ ነበር። ከመጣ ገና ነው፤ ቋንቋ ይማራል፣ ሚስቱን ለማምጣት ያስገባው ማመልከቻ መልስ እስኪያገኝ ይጠብቃል። ከትምህርት ሲመለስ ክፍሉን ዘግቶ ነው የሚውለው። «መኪናው ውስጥ ቦታ አለ» ስትለኝ ደወልኩለት። «እህትዬ፣ ምን ልያዝ?» አለኝ። «ምንም፣ ሞቅ ያለ ልብስ ልበስ» አልኩት።

ልብሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አዲስ የሚመጡ ልጆቻችን ብዙ ጊዜ የሚሰቃዩት በዚህ ነው። ከቆዳችሁ ጋር የሚገናኘው ልብስ ሱፍ ይሁን። ጥጥ ላቡን ይይዝና አይደርቅም፤ ቁጭ ስትሉ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከሱፉ ላይ ሌላ ወፍራም ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ጫማው ከጠበበ ካልሲ መደራረብ ዋጋ የለውም፤ የእግር ጣት መንቀሳቀስ አለበት። ልጁ በጂንስና በስኒከር ነው የመጣው። የባልደረባዬ ባል አየው፣ ምንም አላለም። የመኪናውን ኋላ ከፈተና ወፍራም ቱታ፣ የሱፍ ካልሲና ቦት አውጥቶ ሰጠው። አስቦበት ነው የመጣው። እዚህ አገር ሰው ፍቅሩን በአፍ አይናገርም፤ እንዲህ ካልሲ ይዞልህ ይመጣል።

ስኪቦትን ከትሮምሶ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ለምን ያን ያህል ርቀት? በደመናው ምክንያት ነው። የሰሜኑ ብርሃን የሚታየው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ደመና ከሸፈነው አለቀ። ከባሕሩ የሚመጣውን እርጥብ አየር የሊንገን ተራሮች ስለሚያስቀሩት ከጀርባቸው ያለው ሰማይ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ዩኒቨርሲቲውም የሰማይ መመልከቻ ጣቢያውን የሠራው እዚያ ነው። እንግዶች ብርሃኑ ምን ያህል ሊጠነክር እንደሚችል የሚያመለክተውን፣ ከ0 እስከ 9 የሚሄደውን ኬፒ የሚባል ቁጥር ሲከታተሉ ይጨነቃሉ። የአገሩ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው የደመናውን ትንበያ ነው። እኛ ያለነው ብርሃኑ በዋልታው ዙሪያ የሚሠራው ቀለበት ሥር ስለሆነ ኬፒ 2ም ይበቃል።

ስንደርስ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነበር። ከመንገዱ ወጣ ብለን በርች ዛፎች መካከል ገባን። በረዶው ጉልበት ይደርሳል። ባልየው በአካፋ ጠረገና ወፍራም ወፍራም ግንድ ደርድሮ ወለል ሠራ። እሳት በቀጥታ በረዶ ላይ ከነደደ ከሥሩ እያቀለጠ ይሰምጥና ይጠፋል። ማገዶውን ከነዳጅ ማደያ ነው የገዙት፤ የቆመ ዛፍ አይነካም። እሷ ቢላዋዋን አወጣችና ከአንዱ ፍልጥ ላይ ስስ ነጭ ቅርፊት ላጠች። የበርች ቅርፊት በውስጡ ዘይት ነገር ስላለው እርጥብ ቢሆን እንኳ በአንድ ክብሪት ይያያዛል። ተያያዘም።

ሕጉንም ልንገራችሁ፤ ልሞክር የሚል ይኖራል። ኖርዌይ ውስጥ ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ጫካ ውስጥና ጫካ አጠገብ ያለ ፈቃድ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። በብርዱ ወራት ግን ይቻላል። የሰው ደጅ ወይም እርሻ እስካልሆነ ድረስ፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ጫካ ገብቶ መቀመጥ የሁሉም ሰው መብት ነው። ስደተኛውም ጭምር። እኔ ይሄን መብት ከብዙ ነገር አስበልጬ እወደዋለሁ።

በረዶው ላይ የሬንዲር (የሰሜኑ አጋዘን) ቆዳ ተነጠፈልን። ምግቡ ቋሊማ ነው፤ እነሱ ፖልሰ የሚሉት። ለኛ የሬንዲር ሥጋ ቋሊማ ለይታ ይዛ መጥታለች። ልጄ ጫፉን በቢላዋ ያሾሉላትን እንጨት ይዛ ፍሙ ላይ ትገለብጣለች። ነበልባሉ ላይ አይደለም፣ ፍሙ ላይ። ቆዳው ጠብ ብሎ ሲሰነጠቅ ስቡ ይንጠባጠብና እሳቱ ቸስ ይላል። ከድንች የሚጋገር ሎምፐ የሚባል ስስ ቂጣ አለ። እሱን ለአፍታ ሞቅ አድርጎ ቋሊማውን መጠቅለል ነው። በድስት ደግሞ ቢዶስ ነበር፤ የሬንዲር ሥጋ፣ ድንችና ካሮት ያለበት የሳሚዎች፣ የሰሜኑ ነባር ሕዝብ፣ ወጥ። ቅመም የለውም፤ ግን በዚያ ብርድ ሆድ ሲገባ ያለውን ነገር እኔ በቃል አልገልጸውም። ቡናው የተፈላው ጥቀርሻ በለበሰ ማንቆርቆሪያ ነው። ውሃው ሲንተከተክ የተፈጨውን ቡና ጨመረችበት፣ ከእሳቱ አወረደችውና አተላው እስኪዘቅጥ ጠበቀች። ልክ እንደ ጀበናችን።

ከዚያ ወሬ ተጀመረ። እሳት ዳር ሰው ዓይን ለዓይን አይተያይም፣ ሁሉም የሚያየው እሳቱን ነው። የሚናገሩት ለዚህ ይመስለኛል። ዝም ቢሉም አይከብድም፤ እንጨት መጨመር አለ፣ ፍም መቆስቆስ አለ። ባልየው ጡረታ የወጣ መምህር ነው። በሥራ ቦታ በዓል ላይ አግኝቼው ሁለት ቃል አልተናገረም ነበር። እዚያ ግን ስለ ክሪስቲያን ቢርክላንድ ሲያወራ ማቆሚያ የለውም። የሰሜኑ ብርሃን ከፀሐይ ከሚመጡ ኤሌክትሪክ ካዘሉ ቅንጣቶች ጋር እንደሚያያዝ የሞገተ ኖርዌያዊ ሳይንቲስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 አልታ ከተማ አጠገብ ሃልደ ተራራ ላይ ጣቢያ አሠራ። በኋላ አየር የሌለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ማግኔት የሆነች ትንሽ ኳስ አስቀምጦ ኤሌክትሮን ቢለቅባት፣ በዋልታዎቿ ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ታየ። በ1917 ቶኪዮ ውስጥ ሞተ። ከብርሃኑ ጋር በሰማይ አሉ ብሎ የሞገተላቸው የኤሌክትሪክ ጅረቶች በሳተላይት የተረጋገጡት በ1960ዎቹ ነው። «የድሮው 200 ክሮነር ኖት ላይ ያለው ሰውዬ!» አልኩት፤ በዚያ ብር ደመወዜን ስቆጥር ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሜይ 10 ቀን 2024 የሆነውንም ነገረን። ያን ሌሊት ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል ተነሥቶ ከዚህ በጣም ርቀው በደቡብ ያሉ አገሮች ሳይቀሩ ብርሃኑን አይተዋል። እኛ ግን በሜይ ሌሊቱ ስለማይጨልም አላየነውም። እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

መሃል ላይ ልጄን «ቀስ ብለሽ፣ ያቃጥልሻል» አልኳት በአማርኛ። በኖርስክ፣ በኖርዌይኛ ማለት ነው፣ መለሰችልኝ። ሁሌም እንደዚህ ነው፤ ትሰማለች፣ አትመልስም። ባልደረባዬ ሰማችን። «ሁልጊዜ እንደዚህ ናችሁ?» አለች። አዎ አልኳት። ዝም አለች። አንድ ፍልጥ አነሣች፣ እሳቱ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች፣ ከዚያ ስለ እናቷ ነገረችኝ።

እናቷ ሳሚ ናት፣ ከኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ባለው ፊንማርክ ነው ያደገችው። ቤታቸው የሚነገረው ሳሚኛ ብቻ ነበር። ለትምህርት ስትደርስ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቧት። እዚያ ሳሚኛ መናገር ክልክል ነው። ልጅቷ አንድ ቃል ኖርስክ አታውቅም ነበር። ስታድግና ስትወልድ ልጆቿን በኖርስክ ብቻ አሳደገች፤ በሷ የደረሰ በነሱ እንዳይደርስ። አሁን ሰማንያን አልፋለች፣ የመርሳት በሽታ ይዟታል። ኖርስኩ ከአእምሮዋ እየወጣ ነው። የቀራት የልጅነት ቋንቋዋ ነው። ልጇ ደግሞ አታውቀውም። «ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሽማግሌ ሳናግር አድራለሁ» አለችኝ፤ «እናቴን ግን ማናገር አልችልም።»

አብረን ያደርነው ሌሊት ሁሉ ትዝ አለኝ። ይሄን ይዛ ነበር አጠገቤ የምትቀመጠው። ሳሚዎችን ኖርዌያዊ የማድረጉ ፖሊሲ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። የኖርዌይ ፓርላማ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው ገና በኖቬምበር 2024 ነው። ይሄንን በዜና ሰምቼው ነበር። ከሷ አፍ ስሰማው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። እጇን ያዝኩ። አልሸሸችም።

ምክር አልሰጠችኝም። ወደ ልጄ ዞረችና ከእሳቱ የሚወጣውን እያሳየች «ይሄ በእናትሽ ቋንቋ ምንድን ነው?» አለቻት። ልጄ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ «ጭስ» አለች። ሴትየዋ ልትደግመው ሞከረች፤ «ጭ» አልወጣላትም። ልጄ «አይደለም፣ እንደዚህ፣ ምላስሽን ወደ ላይ» እያለች ታስተምራት ጀመር። ቀጥሎ ፍም፣ በረዶ፣ ድስት። ልጄ በዚያ ምሽት የተናገረችውን ያህል አማርኛ ቤት ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ተናግራ አታውቅም።

ብርሃኑን መጀመሪያ ያየው ልጁ ነው። «እህትዬ፣ ያ ደመና ነው?» አለኝ። ከተራራው በላይ ግራጫ መስመር ተዘርግቷል። ባልየው ከእሳቱ ዞር አለና «ደመና አይደለም» አለ። መጀመሪያ ዓይን አረንጓዴውን በደንብ አይለየውም፤ ስልክ ካሜራ ቀድሞ ያየዋል። ብዙ አልቆየም። መስመሩ ወፈረ፣ አረንጓዴነቱ ጎላ፣ ከዳር እስከ ዳር መወዛወዝ ጀመረ። አረንጓዴው ከኦክስጅን ነው፤ ከታች ጠርዙ ላይ ብልጭ የሚለው ሮዝ ደግሞ ከናይትሮጅን። ከዚያ አናታችን ላይ ተከፈተ። ጨረሮቹ ከአንድ ነጥብ ተነሥተው በሁሉም አቅጣጫ ይወርዳሉ። በረዶው ራሱ አረንጓዴ ሆነ፣ የልጄ ፊት አረንጓዴ ሆነ። «እማ፣ እይ! እይ!» ትላለች፣ በአማርኛ። ልጁ ሊያፏጭ ከንፈሩን ሲያሞጠሙጥ ባልደረባዬ ክንዱን ያዝ አደረገችው። ከብርሃኑ ሥር አይፏጭም፤ ሳሚዎች ዘንድ ነውር ነው። ከእናቷ የወረሰችው አንድ ነገር ይሄ ነው። ወዲያው ተወው።

ለሚስቱ በቪዲዮ ሊያሳያት ደወለ። ገና አንሥታ «ሃሎ» ስትል ስልኩ ጠፋ፤ ብርዱ ባትሪውን ገደለው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ባልየው ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ተከለና «አምስት ሰከንድ ሳትነቃነቅ ቁም» አለው። ፎቶው ላይ ልጁ በሰው ቱታ፣ እጁ ላይ ፖልሰ፣ ከኋላው ያ ሁሉ ብርሃን አለ። ቤት እንደገባን ተላከላት። እናንተም ስልካችሁን ከጃኬቱ በታች፣ ገላችሁ አጠገብ ያዙት።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት አብረን ስንገባ መድኃኒቱን ከጨረስን በኋላ ወሬ አለን። እኔ ስለ እናቷ እጠይቃታለሁ፣ እሷ ስለ ልጄ አማርኛ። ልጁም ባልየው ጋ እየሄደ ማገዶ ይፈልጥለታል፤ ኖርስኩ የተሻሻለው እዚያ ነው ይላል። ለመጋቢት ሌላ ምሽት አስበናል። ያኔ ጾም ላይ ነን አልኳት። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል እንደማንበላ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «እሳቱ ላይ የሚሞቅ ነገር አላችሁ?» አለች። ምስር ወጥ አለን አልኳት። ድስቱን እኔ ነኝ የምይዘው፤ ማገዶውን እነሱ።