አንዱ ጆሮ ለመንገዱ

ዛሬ ሐዋሳ ላይ ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል የወሰደኝ የባጃጅ ሹፌር ማዳመጫውን የሰካው አንድ ጆሮው ላይ ብቻ ነው። «ሌላኛው ለመንገዱ ነው፣ እህቴ» አለኝ። ፖድካስት እየሰማ ነበር። ማታ ዋይፋይ ካለበት ያወርዳል፣ ቀን ያለ ዳታ ይሰማል።

መተግበሪያው አንቴናፖድ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ከ10 ዓመት በላይ የደከሙበት፣ ነፃ፣ የራሱ ማስታወቂያ የሌለው። እኔ በየወሩ ለሌላ መተግበሪያ እከፍላለሁ። አብዛኛው ፖድካስት ግን አርኤስኤስ በሚባል፣ ለማንኛውም መተግበሪያ ክፍት በሆነ የማሰራጫ መንገድ በነፃ ነው የሚሰራጨው፤ በየትኛውም መተግበሪያ ያው ድምፅ ነው። የከፈልኩት ለመተግበሪያው መልክ ነው፣ ማይክ ፊት ለሚደክሙት አይደለም። ይሄ ቆጨኝ። ከዚህ ወር ጀምሮ ብሩን በቀጥታ ለምወዳቸው አዘጋጆች እልካለሁ።

ሒሳብ ስሰጠው ድምፁን አቁሞ አመሰገነኝ። ገና ፊቴን ሳላዞር ካቆመበት ቀጠለ።