«ገጹ አናት ላይ የማን ስም ነው?»

ሙያዬ ሲቪል ምህንድስና ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ባለ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ግን ለጥቂት ወራት ሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ነበር። ነገሩ የመጣው ሂሳብ ሠራተኛችን ኅዳር መጨረሻ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ነው፤ ሕጉ የሚሰጣት 120 ቀን ነው። ባለቤቱ «አንተ ቁጥር ትችላለህ» ብሎ መዝገቡን አስረከበኝ። የብረት ጭነት ማስላትና ሂሳብ መያዝ አንድ የመሰለው እሱ ብቻ አይደለም፤ እኔም መስሎኝ ነበር።

ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል አስረዳችኝ። ቼክ ስንሰጥ ባንክ ክሬዲት፣ በዱቤ ሲሸጥ ተሰብሳቢ ሂሳብ (ደንበኞች ያለባቸው ዕዳ) ዴቢት። የጻፍኩትን ወረቀት ጠረጴዛው መስታወት ሥር አስገባሁት። ደንበኛ በባንክ ሲከፍል ምን እንደሚደረግ ግን ወይ አልነገረችኝም ወይ እኔ አልጻፍኩም።

ታኅሣሥ ላይ አንድ የመጋላ ደንበኛችን በዱቤ የወሰደውን የሲሚንቶና የቆርቆሮ ሂሳብ፣ 184,000 ብር፣ በባንክ አስገባ። የባንኩ መግለጫ «ክሬዲት 184,000» ይላል፤ ስልክ ላይ የመጣው መልእክትም እንደዚያው። ባንክ ክሬዲት ካለ እኔ ማን ነኝ? ባንክ ክሬዲት፣ ደንበኛው ዴቢት ብዬ መዘገብኩ። ወሩ ሲያልቅ የዴቢቱና የክሬዲቱ ድምር የሚነጻጸርበትን የሙከራ ሚዛን ሠራሁ፤ ሁለቱም ወገን ሳንቲም ሳይዛነፍ እኩል ወጣ። ደስ ብሎኝ ለባለቤቱ ወሰድኩለት።

የእሱ ዓይን ያረፈው የተሰብሳቢዎቹ ዝርዝር ላይ ነው። እዚያው ስልኩን አንሥቶ ደወለ፦ «368,000 ብር አለብህ፣ ምነው ዝም አልክ?»

ሰውየው በስልክ አልመለሰም። ከሰዓት፣ ከተማው በርጫ ላይ በተቀመጠበት በዚያ ሙቀት፣ ጉንጩ እንደተወጠረ በባጃጅ መጣ። የባንክ ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ከፍሎ ዕዳው እጥፍ የሆነበት እኔን ብቻ አየሁ አቦ!» አለ። ባለቤቱ እኔን አየኝ፤ እኔ ወለሉን።

በማግስቱ ጠዋት መዝገቤን ይዤ ከዚራ ወረድኩ። ምድር ባቡር ሂሳብ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን እዚያ ይኖራሉ፤ ፈረንሳይኛው ከመዝገቡ ጋር ተጣብቆ የቀረባቸው የዚያ ዘመን ሰው ናቸው። ዛፉ ሥር ሻይ እየጠጡ አገኘኋቸው። ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ ወረቀቱን ተቀበሉኝ።

«ጋሼ፣ ባንኩ ራሱ ክሬዲት ብሏል እኮ» አልኩ።

«ገጹ አናት ላይ የማን ስም ነው?» አሉኝ።

መግለጫውን አየሁ። የድርጅታችን ስም ነው።

«እንግዲህ ያ ባንኩ ስለ እናንተ የያዘው ገጽ ነው። እኛ ግራውን ዱዋ፣ ቀኙን አቯር ነበር የምንለው፤ አለበት፣ አለው ማለት ነው። እናንተ ባንኩ ዘንድ ገንዘብ አላችሁ። ስለዚህ በእሱ መዝገብ በቀኝ፣ ክሬዲት። አንተ መዝገብ ላይስ? ‹ባንክ› የሚል ገጽ አለህ። ባንኩ የእናንተ ገንዘብ አለበት። በግራ፣ ዴቢት።»

አሁንም ፊቴ ላይ ያነበቡት ነገር ሳይኖር አልቀረም። ማዶ ያለውን ሱቅ በአገጫቸው አሳዩኝ። «ከዚያ ስኳር በዱቤ ብወስድ፣ ባለሱቁ ደብተር ላይ ‹አለበት› ተብዬ በግራ እጻፋለሁ። እኔ ደብተር ብይዝ ባለሱቁን ‹አለው› ብዬ በቀኝ ነው የምጽፈው። ስኳሩ ያው ስኳር፣ ብሩም ያው ብር ነው።»

ምህንድስና ስማር ማንም እንደዚህ አጥርቶ የነገረኝ ነገር ትዝ አይለኝም። ዴቢት መጥፎ፣ ክሬዲት ጥሩ እየመሰለኝ ነበር የከረምኩት።

«ታዲያ ሚዛኑ እንዴት እኩል ወጣ?» አልኳቸው።

«ጫማህን ግራና ቀኝ አቀያይረህ ብታደርግ ሁለት መሆኑ ይቀራል? ሚዛን ዴቢትና ክሬዲት መተካከላቸውን እንጂ ቦታቸውን አያይም። ቦታቸውን የሚነግርህ መዝገብህን ከባንኩ መግለጫ ጋር ስታስታርቅ ነው።»

እውነትም አላስታረቅኩም ነበር። እዚያው ጀመርን። ባንኩ 612,400 ብር ይላል፣ የእኔ መዝገብ 221,400። ልዩነቱ 391,000 ነው፤ ለሁለት ባካፍለውም የማውቀው ቁጥር አይወጣም። እሳቸው የቼክ ጉርዶቹን አንድ በአንድ ከመግለጫው ጋር ያመሳክሩ ጀመር። አንዱ ላይ ቆሙ፦ ለአንድ ባለጭነት መኪና የሰጠነው የ23,000 ብር ቼክ ባንክ አልደረሰም። ያ የእኔ ጥፋት አይደለም፤ ባለቼኩ ገና ስላላወጣው ነው። 23,000 ሲነሳ 368,000 ቀረ። ግማሹን ጠየቁኝ። 184,000። በተቃራኒው ወገን የገባ ቁጥር በእጥፉ ነው የሚያጎድለው።

ኤክሴሉ ላይ የድሮውን መስመር ልሰርዝ እጄን ስሰድ ቆጣ አሉ። መዝገብ አይፋቅም። መጀመሪያ ስህተቱን የሚሽር ምዝገባ ባንክ ዴቢት፣ ተሰብሳቢ ክሬዲት 184,000፤ ቀጥሎ ትክክለኛው ምዝገባ፣ እንደገና ያው። ምክንያቱንም ከሥሩ አጻፉኝ። የእኔ መዝገብ 589,400 ሆነ፤ የባንኩም ያልወጣው ቼክ ሲቀነስለት ያው 589,400።

ከሰዓት መጋላ ሄጄ ሰውየውን ይቅርታ ጠየቅኩት። «ምንም የለብህም» ስለው በቃል አልተቀበለም፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት አስጻፈኝና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

የ23,000ው ቼክ ጥር 21 ቀን ወጣ። ባለቼኩ ጅጅጋ ጭኖ ሄዶ ነበር።