ኩርፊያዬን ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የጦሳን ብርድ ከኋላዬ ትቼ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሚኒባስ ወርጄ ሙቀት ውስጥ እገባለሁ፤ ማታ ሽቅብ እመለሳለሁ። መንገዱን ማንሳቴ በትዳሬ የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት፣ ከባለቤቴ ጋር በተጋጨን ቁጥር፣ ኩርፊያዬን ተሸክሜ የወረድሁበትና ሳላራግፈው የወጣሁበት ስለሆነ ነው።

ባደግሁበት ቤት ኩርፊያ የራሱ ሥርዓት ነበረው። አባቴ ሲቆጣ ይጮሃል ማለት አይደለም፤ ዝም ይላል። ያን ጊዜ እኔ መልእክተኛ እሆናለሁ። እናቴ፣ አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ እየሰማት፣ «ለአባትህ ምሳ ቀርቧል በለው» ትለኛለች፤ እሱም «ጠግቤያለሁ በላት» ይለኛል፤ እኔ መሀል ቆሜ ሁለቱም የሰሙትን ቃል ደግሜ አደርሳለሁ። ነገሩ የሚበርደው ብዙውን ጊዜ ጎረቤት ለቡና ሲጠራ ነበር። በሰው ፊት መኮራረፍ ነውር ስለሆነ፣ አቦሉ ላይ ያልተያዩ ሰዎች በረካው ላይ ሲሳሳቁ ይገኛሉ። ስለ ጠቡ ግን ማንም አያነሳም፤ እንደ ተዳፈነ ፍም አመድ ለብሶ ይቀመጥና በሌላ ቀን ይጋማል።

እኔም ትዳር ስይዝ ይህንኑ ይዤ ገባሁ፤ ዝምታዬንም ትዕግሥት ብዬ እጠራው ነበር። ባለቤቴ ግን በአንድ ወቅት አምስት ቀን ሙሉ ካልተነጋገርን በኋላ አንዲት የትዳር አማካሪ በስልክ አገኘችና እንድነጋገራት ለመነችኝ። አማካሪዋ የጠቡን ምክንያት ትጠይቀኛለች ብዬ መልሴን አሰናድቼ ነበር። የጠየቀችኝ ግን ዝም በምልበት ሰዓት ልቤ እንዴት እንደሚመታ ነው። አስቤው አላውቅም ነበር። ሳስታውሰው ግን ከውጭ እንደ ድንጋይ ስቀመጥ ከውስጥ ልቤ ዳገት እንደሮጠ ሰው ይመታ ነበር።

ለጥያቄዋ መነሻ የሆነውን ጥናት ኋላ ላይ አንብቤዋለሁ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ከባልደረባቸው ከሮበርት ሌቨንሰን ጋር ባልና ሚስት በሚያጣላቸው ጉዳይ ላይ ሲነጋገሩ በካሜራ እየቀረጹ፣ የልብ ምታቸውንም በመሣሪያ እየለኩ ለዓመታት ተከታትለዋል። ጎትማን ለትዳር እጅግ አደገኛ ያሏቸው ጠባዮች አራት ናቸው፤ ነቀፋ፣ ንቀት፣ ጥፋትን አለመቀበልና በዝምታ መዘጋት። ከሁሉ የከፋው ንቀት ነው ይላሉ፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን የመጨረሻው ነው፤ በጥናታቸው በዝምታ ከሚዘጉት ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ ወንዶች ሆነው ተገኝተዋልና። የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰውነት ንግግሩን እንደ አደጋ ይቆጥረዋል፤ በዚያ ሁኔታ ያለ ሰው የሚነገረውን በቅጡ አይሰማም፣ ቀልድም አይገባውም። ስለዚህ ምክሩ ቢያንስ 20 ደቂቃ ማረፍ ነው።

«እንዲያ ከሆነ እኔ የማርፈው ቀኑን ሙሉ ነው» ብዬ ለማምለጥ ሞከርሁ። አማካሪዋ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። ስወጣ መቼ እንደምመለስ እናገራለሁን? በእረፍቴስ ሰዓት ምን አስባለሁ? የመጀመሪያውን አላደርገውም ነበር። ሁለተኛው ደግሞ አሳፈረኝ፤ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በመስኮት እያየሁ የምሠራው ሌላ ምንም አልነበረም፤ ያለችኝን እያነሳሁ፣ ማለት የነበረብኝን እያሳመርሁ፣ ማታ የምወረውረውን ቃል ስስል ነበር። እንዲህ ያለው እረፍት እሳቱን ያራግበዋል እንጂ አያበርደውም። ሰው ሰዓት ቆርጦ፣ ተመልሶ ሊነጋገር ሲወጣ እረፍት ነው፤ ሌላው ሰው መቼ እንደሚያበቃ ሳያውቅ ሲጠብቅ ግን ቅጣት ይሆናል። ባለቤቴ በኋላ እንደነገረችኝ ያደክማት የነበረው ጠቡ ሳይሆን ይህ መጠበቅ ነው።

ሌላው የሰማሁት ምክር መጀመሪያ ላይ አስቆኝ ነበር። ቶማስ ጎርደን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተማሩት ነው፤ ሌላውን ከመክሰስ ይልቅ የራስን ስሜት በ«እኔ» ጀምሮ መናገር። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «እኔ የመከፋት ስሜት ይሰማኛል» ዓይነት ነገር ይወጣዋል፤ በእኛ ቤት እንዲህ ብናገር ባለቤቴ ትኩሳቴን ትለካ ነበር። ሆኖም ቋንቋችን ይህን ድሮውንም ሠርቶት አስቀምጦልናል። ከፋኝ፣ ቅር አለኝ፣ ሆድ ባሰኝ እንላለን፤ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ተከሳሽ የለም፤ ስሜቱ ራሱ መጥቶ ያገኘኝ ያህል ነው። «አስከፋሽኝ» ስል ግን ችሎት ተከፈተ ማለት ነው። «ሳትነግሪኝ ገንዘቡን ስትሰጪ ቅር አለኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ሰላሳ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ይህ ሁሉ ሽማግሌን አይተካም፤ ወሎ ላይ ትልቅ ጠብ ያለ ሽማግሌ አይቋጭም፤ ይህን ማለቴም አያሳፍረኝም። ሽማግሌ የሚጠራው ግን ነገሩ ከገነፈለ ወዲያ ነው፤ የዕለት ተዕለቱን ጭስ የሚያየው የለም። ዱላና ፍርሃት ባለበት ቤትም ሃያ ደቂቃ መፍትሔ አይደለም፤ እዚያ የሚያስፈልገው መጠጊያና የሕግ ከለላ ነው። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሎት፣ ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ አስጠልቶት ከሁለት ሳምንት በላይ ዝም ያለ ሰው ደግሞ አኩርፎ ላይሆን ይችላል፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ባለፈው ወር በዕቁብ ገንዘብ ተጋጨን። ልቤ ሲመታ ተሰማኝና «ሁለት ሰዓት ላይ እንነጋገር» ብዬ ወጣሁ፤ ፒያሳ ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ የሱቆቹን ስም ጮክ ሳልል እያነበብሁ ተመለስሁ። ሁለት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ደጃፍ ላይ ልጄን አገኘሁት። «እማዬ ሰዓቱ ደርሷል በለው ብላኛለች» አለኝ። መልሱን ይዞ ሊሮጥ ሲል ትከሻውን ያዝሁና፣ እዚያው እንዲጫወት ነግሬው ራሴ ገባሁ።