ማታ 1 ሰዓት ሲሆን የሚጠፋው ኮምፒውተሬ፦ የኦቨርክሎክ ልምዴ

ትናንት ማታ የሦስት ሰርግ ቪዲዮ በተከታታይ ሳወጣ አደርኩ። ማሽኑ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ለእናንተ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ደስታዬን የማደርስበት አጥቻለሁ። አምና ጥር ላይ ይኸው ኮምፒውተር ሥራ መሃል ድርግም እያለ ስንት ሌሊት እንዳስነጋኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ሙሽራው ሁሉ ጣና ዳር ሊቀረጽ ይመጣል፣ ፋይሉም ጠረጴዛዬ ላይ ይከመራል። ስለዚህ ፍጥነት ለእኔ ጨዋታ አይደለም። እንጀራዬ ነው። ወደ ኦቨርክሎክ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ ወደ ማስሮጥ፣ የገባሁትም ለዚህ ነው።

አጀማመሬን ባጭሩ ልለፈው። መጀመሪያ የነበረኝ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፤ በባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ በሚሠራው የማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ የሚነካ ነገር አልነበረውም። ከዚያ ገንዘብ አጠራቅሜ ራይዘን 5 2600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም እና ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ ገዛሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አብዛኞቹ የራይዘን ፕሮሰሰሮች ፍጥነታቸውን ለመቀየር ክፍት ናቸው፣ ማዘርቦርዱ ግን ይወስናል። ቢ450 ላይ ኦቨርክሎክ ይሠራል፣ ኤ320 ላይ አይሠራም። ኢንቴል ከሆነ ደግሞ በስሙ መጨረሻ ኬ ያለው ፕሮሰሰር እና የዜድ ቦርድ ያስፈልጋል። ይህን ሳያጣሩ ገዝተው የተቆጩ ጓደኞች አሉኝ።

2600ው ሁሉም ኮሮች (ሥራ የሚከፋፈሉት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ሲሠሩ በራሱ 3.7 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይይዛል። ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ፣ በየደረጃው እየፈተንኩ በ1.35 ቮልት 4.0 ደረስኩ። 4.1 ግን 1.4 ቮልት ጠየቀኝ። ያኔ ተውኩት። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ፕሮሰሰሩ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ይጨምራል፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ነው የሚጨምረው። ከ3.7 በ1.25 ቮልት ተነስታችሁ 4.1 በ1.4 ላይ ስትደርሱ ፍጥነቱ 11 በመቶ ይጨምራል፣ ኃይሉ ግን 39 በመቶ ገደማ። ያ ሁሉ ሙቀት ነው።

ሙቀት ካነሳን ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚገፋው አየር ያንሳል ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ አገር ያለ ሰው በቪዲዮ «በዚህ ኩለር (ማቀዝቀዣ) 70 ዲግሪ ነው» ሲላችሁ ጥቂት ዲግሪ ጨምራችሁ አስቡ። ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ክፍሉ ራሱ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣችው ትንሿ ኩለር ለ4.0 አልበቃችኝም፣ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ረጅም ኩለር ገጠምኩ። ለሐይቁ ቅርብ የሆናችሁ የኬዙን ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ አጽዱ፤ ማታ በመብራት የሚሰበሰበው ትንኝ ከአቧራው ጋር ተጋግሮ አየር ይዘጋል።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

4.0 ላይ ሲነቤንች የሚባለውን የፕሮሰሰር መፈተኛ ደጋግሜ አስኬድኩ፣ አለፈ። ኦሲሲቲ የሚባለውን ሌላ መፈተኛ ለአንድ ሰዓት አስኬድኩ፣ አለፈ። ይህ ሁሉ ቀን ላይ ነው። ማታ ሬንደር (የተቀናበረውን ቪዲዮ ፋይል አድርጎ ማውጣት) አስጀምሬ እራት ልበላ ስነሳ ኮምፒውተሩ ድርግም ይልና እንደገና ይነሳል። ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ መልእክት የለም። በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ፋይል ሳወጣ ያለምንም ችግር ያልቃል። መብራት ጠፋ እንዳልል አምፖሉ እንደበራ ነው።

ጥፋቱ የኔ ኦቨርክሎክ ነው ብዬ ደመደምኩ። ወደ 3.9 ዝቅ አደረግኩ፣ ጠፋ። ቮልቱን ጨመርኩ፣ ጠፋ። ራሙን በሜምቴስት ሌሊቱን ሙሉ ፈተንኩት፣ አንድም ስህተት አላሳየም፤ ግን ከፈተናው ይልቅ ፍርሃቴን አምኜ ሁለተኛ ባለ 8 ጊጋ ራም ገዛሁ። አሁንም ጠፋ። በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሃል የሚቀባውን ቴርማል ፔስት ቀየርኩ። ዊንዶውስን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። በመጨረሻ ኦቨርክሎኩን ጨርሶ አነሳሁት፤ መጥፋቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ለአንድ ደንበኛ የቀጠሮ ቀን አሳለፍኩ። ከሁሉም ይህ ነው ያሳፈረኝ።

መንገዱን ያሳየኝ ኮምፒውተሩ የገጠመውን የሚያሳየው መዝገብ፣ የዊንዶውስ ኢቨንት ቪውወር ነው። በየምሽቱ የተመዘገበው ከርነል ፓወር 41 ብቻ ነበር። ይህ ማለት ማሽኑ በሥርዓቱ ሳይዘጋ ተቋርጧል ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱ ሲሳሳት ብዙ ጊዜ ሂያ ሎገር የሚል ስህተት አብሮ ይታያል። እኔ ጋ አንድም አልነበረም። ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፣ ግን ዓይኔን ከፕሮሰሰሩ ላይ አነሳልኝ። ሰዓቶቹን በወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። 12 ሰዓት ከ50፣ 1 ሰዓት ከ10፣ 1 ሰዓት ከ25። ሁሉም ምሽት ነው።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ገዝቼ ኤሲ 750 ቮልት ላይ አድርጌ ሶኬቱን ለካሁ። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ 218 ቮልት። ማታ 1 ሰዓት ላይ 181። እያየሁት ድንገት ወደ 168 ወረደ፣ ኮምፒውተሩም በዚያው ቅጽበት ጠፋ። ወጥቼ ወደ አከራዬ ማድ ቤት ሄድኩ።

«እማማ፣ ምጣዱ በርቷል እንዴ?»

«አዎ ልጄ፣ አሁን መጋገር ልጀምር ነው። ምነው፣ ዕቃህን አበላሸሁብህ እንዴ?»

አላበላሹብኝም፤ እንዲያውም መልሱን ሰጡኝ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። እኛ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው፣ እኔ ክፍል የሚደርሰው ሽቦም ቀጭን ነው። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበስል መስመሩ ይደክማል፣ ምጣዱ ሲጨመር ይወድቃል። እማማ በትዕግሥት ሦስት ጊዜ አጥፍተው አበሩልኝ። ሬንደር ላይ እያለ ሦስቱንም ጊዜ ጠፋ።

ከዚያ ኬዙን ከፍቼ የፓወር ሰፕላዩን (የሶኬቱን መብራት ለኮምፒውተሩ የሚቀይረውን ሳጥን) ጎን አነበብኩ። ገዝቼው ስንት ጊዜ ሳላነበው የኖርኩት ጽሑፍ ነው። ኢንፑት በሚለው ቦታ ከ200 እስከ 240 ቮልት ይላል። 168 ቮልት ለእሱ ከአቅሙ በታች ነው። እንዲህ ዓይነቱ ርካሽ ዕቃ ኃይል የሚያጠራቅመው በካፓሲተር ነው፣ የሚጠራቀመውም ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይወርዳል፤ ከ220 ወደ 170 ሲወርድ የሚቀረው 60 በመቶ ገደማ ነው። ማሽኑ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይበቃዋል። ሬንደር ላይ ግን ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም ሲጎትቱት ትንሽ መውረድ ይጥለዋል። ኦቨርክሎኩን ሳነሳ መጥፋቱ የቀነሰው ለዚህ ነው፤ ሸክሙ ቀለለት እንጂ በሽታው አልዳነም።

መጀመሪያ የሞከርኩት የፍሪጅ ስታቢላይዘር ነው። አትሞክሩት። ቮልቱ ሲወርድ ጭራሽ ይቆርጠውና ፍሪጁን ለመጠበቅ ደቂቃዎች ቆጥሮ ነው የሚመልሰው። ያዳነኝ ኢንፑቱ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል፣ አክቲቭ ፒኤፍሲ (የሚገባው ቮልት ቢዋዥቅም የሚያስተካክል ሰርኪዩት) ያለው ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። አዲስ አበባ ያለ ወንድሜ በአውቶቡስ ላከልኝ። ገጠምኩት፣ ፕሮሰሰሩን 4.0 ላይ መለስኩት፣ እማማን «ጋግሩ» አልኳቸው። 168 ቮልት ላይ ቀጥ ብሎ ሠራ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ አለው። ቮልት ወረደብኝ ብላችሁ ወደ 115 እንዳታደርጉት። ይፈነዳል።

ታዲያ ያን ሁሉ የለፋሁበት 4.0 ጊጋኸርዝ ምን አስገኘልኝ? 31 ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ቪዲዮ 29 ሆነ። እውነቱ ይኸው ነው። በስህተት የገዛሁት ሁለተኛው ራም ከዚያ የበለጠ ጠቀመኝ፤ ሁለት ሆነው በሁለት ቻናል ሲሠሩ ቪዲዮውን ስቆርጥ መንተባተቡ ቀረ። በነገራችን ላይ ራም ገዝታችሁ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ማስተካከያ) ካላበራችሁ 3200 የሚል የተጻፈበት ራም ብዙ ጊዜ በ2133 ወይም በ2400 ነው የሚሠራው። ስንቱ ሰው ቤት ሄጄ እንዳበራሁለት!

ስለዚህ ዕቃ ላሻሽል ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ፓወር ሰፕላዩን ነው። ቀጥሎ ኤስኤስዲ። አሁንም ሃርድ ዲስክ ላይ የሚሠራ ካለ ስለ ኦቨርክሎክ ባናወራ ይሻላል፤ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ሲያነብ ተራው ሳታ ኤስኤስዲ 500 ያልፋል። ፕሮሰሰር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ያገለገለ ኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ትልቁን፣ 13900ኬ ወይም 14900ኬ፣ በርካሽ ካገኛችሁ ግን ተጠንቀቁ። ከልክ ያለፈ ቮልት እንደሚጎዳቸው ኢንቴል ራሱ በ2024 አምኖ የባዮስ ማስተካከያ አውጥቷል። ማስተካከያው ጉዳቱ እንዳይደርስ ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አይመልስም፤ የቀድሞው ባለቤት መቼ እንደጫነው ደግሞ አታውቁም።

እኔ በዚያው ቢ450 ቦርድ ላይ ራይዘን 5 5600 ገጠምኩ። ባዮስ ማደስ ያስፈልገዋል። ሲታደስ መብራት ከሄደ ቦርዱ ሊሞት ስለሚችል ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ተውሼ፣ ሰማዩ ጠርቶ ባየሁበት ጠዋት ነው ያደረግኩት። ያ የ31 ደቂቃ ቪዲዮ አሁን 21 ደቂቃ ነው። ምንም ሳልነካው!

5600 ላይ ሁሉንም ኮር በአንድ ፍጥነት ማሰርን አልመክርም። ኩርቭ ኦፕቲማይዘር የሚባለው የባዮስ ማስተካከያ ቮልቱን ይቀንሳል፣ ኃይል ሳይጨምር ፍጥነቱ በራሱ ከፍ ይላል። ስስት ይዞኝ ከዜሮ በታች 30 ላይ አደረግኩት። ከባድ ፈተና ሁሉ አለፈ፣ ግን ዝም ብዬ ብሮውዘር ከፍቼ ሳነብ ጠፋብኝ። እንዲህ ያለ ስህተት በቀላል ሥራ ላይ ነው የሚወጣው። ከዜሮ በታች 15 ላይ መለስኩት፣ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው።

ይህን የምጽፈው ማታ 1 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። ቴስተሩ ጠረጴዛዬ ላይ 171 ይላል። ከማድ ቤቱ የእንጀራው ሽታ እየመጣ ነው፣ አራተኛው ሰርግ 64 በመቶ ደርሷል።