ማንችስተርና ኬምኒትዝ፦ ጥጥ ያዛመዳቸው ከተሞች

እህትማማች ከተሞች ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የከንቲባዎች ፊርማና የልዑካን ጉብኝት ነው። የእንግሊዟ ማንችስተርና የጀርመኗ ኬምኒትዝ እህትማማች የሆኑት በ1983 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዝምድናቸው ግን ከዚያ 180 ዓመት ያህል ይቀድማል። ኬምኒትዝን «የሳክሶኒ ማንችስተር» (ሳክሶኒ ኬምኒትዝ ያለችበት የጀርመን ግዛት ነው) ያሰኛት ጥጥ ነው።

እንዝርት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ፈታይዋ ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እንዝርቱን ታሾራለች፤ ክሩ እየተሳበ ይከራል፤ የክንዷ ርዝመት ሲያልቅ ትቆምና የፈተለችውን ትጠመጥማለች። ሳሙኤል ክሮምፕተን በ1779 ከማንችስተር አቅራቢያ ቦልተን ውስጥ የሠራው መፍተያ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ከሁለት የተለያዩ ማሽኖች ስለተወለደ «በቅሎ» ብለውታል። ጥንድ ጥንድ ሆነው የተደረደሩ ሮለሮች (ተሽከርካሪ በትሮች)፣ የፊተኛው ጥንድ ከኋለኛው ፈጥኖ እየዞረ፣ ባዘቶውን ያቀጥናሉ። እንዝርቶቹን የተሸከመው ጋሪ አንድ ሜትር ተኩል ያህል እየሸሸ ክሩን ይስባል፣ ያከራል፤ ሲመለስ ይጠመጥማል። የመጀመሪያው 48 እንዝርት ነበረው። የኋለኞቹ ከአንድ ሺህ አልፈዋል።

አስቸጋሪው ልኩን ማግኘት ነው። በሮለሮቹ ጥንዶች መካከል ያለው ርቀት ከጥጡ ጭረት (ከአንዱ ቀጭን የጥጥ ጸጉር) ርዝመት በጥቂቱ መብለጥ አለበት፤ ካነሰ ጭረቱ ይቀደዳል፣ ከበዛ ክሩ አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ ይሳሳል። ጋሪው ከሮለሮቹ ከመጠን በላይ ከቀደመ ክሩ ይበጠሳል፣ ከዘገየ ይላላና ይተበተባል። አየሩ ሲደርቅም ክሩ ስለሚሰባበር የማንችስተር አካባቢ እርጥበት ትልቅ ጥቅም ነበር። የተበጠሰውን የሚቀጥሉትና ከማሽኑ ሥር ብናኙን የሚጠርጉት ልጆች ነበሩ፤ ስለዚያ ዘመን ሲወራ እነሱን መዝለል አይገባም።

ይህን ሁሉ የማሽኑ ሥዕል ብቻ አያስተምርም፤ ልኩ ያለው በባለሙያው እጅ ነው። የብሪታንያ መንግሥትም ይህን ያውቅ ነበር፦ የእጅ ባለሙያዎች ወደ ውጭ ሄደው እንዳይሠሩ የከለከለው ሕግ እስከ 1824፣ የመፍተያ ማሽኖችን መላክ የከለከለው ደግሞ እስከ 1843 ጸንቷል። ሆኖም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ኢቫን ኢቫንስ የተባለ ከብሪታንያ የመጣ መካኒክ በኬምኒትዝ አጠገብ ሃርታው በሚገኘው የበርንሃርድ ወንድማማቾች ፋብሪካ መፍተያ ይሠራ ነበር። እንደ እኔ እምነት የሁለቱ ከተሞች እህትማማችነት የተፈረመው ያኔ ነው።

ኬምኒትዝም ባዶ እጇን አልጠበቀችውም። ጨርቅ የማንጣት ልዩ መብት ያገኘችው በ1357 ነበር። ናፖሊዮን የእንግሊዝን ሸቀጥ ከአህጉሩ ሲያግድ የሳክሶኒ መፍተያዎች ያለ ተወዳዳሪ አደጉ፤ እገዳው ሲነሳ ግን ርካሹ የእንግሊዝ ክር ጎርፎ ብዙዎቹን ዘጋ። ከተማዋን ያሻገራት ማሽኑን ራሷ መሥራቷ ነው። ከፈረንሳይዋ አልዛስ በ1832 የመጣው ሪቻርድ ሃርትማን በ1837 የራሱን ድርጅት ከፈተ፤ የመፍተያ ማሽን ሠርቶ ወደ ባቡርም ተሻገረ። የ1848ቱ የመጀመሪያ ባቡሩ ተፈታትቶ በፈረስ ጋሪ ነው የወጣው፤ ሐዲድ ኬምኒትዝ የደረሰው በ1852 ነውና። በዚያው በአልዛስ፣ ሙሉዝ በተባለች ከተማ፣ በ1820ዎቹ የማንችስተሩ መሐንዲስ ሪቻርድ ሮበርትስ የማሽን ፋብሪካ ሲያደራጅ ነበር። ሙሉዝም ዛሬ የኬምኒትዝ እህት ከተማ ናት።

በ1983 ግን ኬምኒትዝ በስሟ አልነበረችም፤ ከ1953 ጀምሮ ካርል ማርክስ ሽታት (የካርል ማርክስ ከተማ) ተብላ ነበር፣ ስሟ የተመለሰላት በ1990 ነው። ማርክስ በዚያች ከተማ አልኖረም። በማንችስተር ግን፣ ጓደኛው ኤንግልስ በቤተሰቡ የጥጥ ድርጅት በሠራባት ከተማ፣ በ1845 በጋ ሁለቱ ቼታም በተባለው አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው አንብበዋል። ጠረጴዛው ዛሬም እዚያው መስኮቱ ሥር አለ።