ሰርግ በሌለበት ወር የማወጣው ሌንስ

ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ ሰርግ የለም። ጥርን ሙሉ ሲሯሯጥ የከረመው የጎንደር ፎቶ አንሺ ሁሉ አሁን ፒያሳ ተቀምጦ ሻይ እያማሰለ ስለ ዋጋ ያወራል። እኔም አወራለሁ። ግን በዚህ ሰሞን ካሜራዬ ላይ ያለው ሌንስ የሰርጉ ሌንስ አይደለም። ማንም ስለማይከፍለኝ፣ ማንም «ለምን እንዲህ ሆነ?» ስለማይለኝ ሄሊዮሱን አስሬ ነው የምዞረው።

ሄሊዮስ 44-2። 58 ሚሊሜትር፣ ኤፍ/2፤ ኤፍ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት ይነግራል፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። ከዜኒት ካሜራ ጋር ይመጣ የነበረው የሩሲያ ሌንስ ነው። ሶቪየቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመኑ ካርል ዛይስ «ቢዮታር» ንድፉን ወስደው ሠሩት፤ ከዚያም በገፍ አመረቱት። የኔው ላይ የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ ምልክት አለበት፤ ብርሃን የሚያልፍበት ትንሽ ፕሪዝም። በዚያ ፋብሪካ ሌንሶች ላይ የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች ብዙ ጊዜ የተሠራበትን ዓመት ያሳያሉ። የኔው 77 ይላል። በኛ 1969 ወይም 70 መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ከሞስኮ ወደዚህ ሀገር ሲጫን ከነበረው ብረት ይህኛው ማንንም ያልጎዳ ነው።

የሸጡልኝ ድሮ ፎቶ ቤት የነበራቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔ የፈለግኩት ሌንሱን ብቻ ነበር።

«አልነጥልም» አሉኝ። «ከነካሜራው ነው።»

«ጋሼ፣ ፊልሙን ከየት አመጣለሁ?»

«እሱ ያንተ ጉዳይ ነው።»

ከነቆዳ ማኅደሩ አስረከቡኝ። ዜኒቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ሌንሱ ግን ሥራ አገኘ።

መጀመሪያ በድሮው ኒኮን ዲኤስኤልአሬ፣ ውስጡ መስታወት ባለው ዲጂታል ካሜራዬ ላይ ነበር ያሰርኩት። ቅርብ ያለ ፊት ጥርት ይላል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰው ግን የፎከሱን ቀለበት እስከ ጫፍ ብታዞረው አይጠራም። የቦታ ጉዳይ ነው። እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ የሚገባው ኤም42 ሌንስ ከፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ታስቦ የተሠራ ነው። ኒኮን ኤፍ የሚባለው የዚያ ካሜራ የሌንስ ማሰሪያ ገና ከመነሻው 46.5 ሚሊሜትር ያርቀዋል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው አዳፕተር ሲጨመር ይብሳል። ያችን አንድ ሚሊሜትር በሌላ ነገር ማካካስ አይቻልም፣ መሀል ላይ ተጨማሪ ብርጭቆ ካልገባ በስተቀር። እሱ ደግሞ ምስሉን ያበላሸዋል።

ሚረርለስ ላይ ይሄ ጣጣ የለም። ውስጥ የሚነሳና የሚወድቅ መስታወት ስለሌለ ሌንሱ ምስሉን ለሚቀበለው ሴንሰር በጣም ይቀርባል። የየካሜራው ማሰሪያ ርቀት ሶኒ ኢ 18 ሚሊሜትር፣ ካኖን አርኤፍ 20፣ ኒኮን ዜድ 16 ነው። የጎደለውን ርቀት ባዶ ቱቦ ይሞላዋል። አዳፕተር እያልን የምናካብደው ነገር ይኸው ነው፤ ውስጡ ምንም የሌለው የብረት ቱቦ። ርካሽ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሽ ያጥራል። የኔው አጭር መሆኑን ያወቅኩት ጎሃ ሆቴል ካለበት ኮረብታ ላይ ሆኜ ከተማውን ሳነሳ ነው። የፋሲል ግንብ ሰገነት ጥርት የሚለው ቀለበቱ የመጨረሻው ምልክት ላይ ሳይደርስ ነው፤ ትንሽ ካለፈ መልሶ ይደበዝዛል። ስለዚህ የሌንሱን የርቀት ቁጥር አላምነውም፣ ዓይኔን ነው የማምነው።

ሜኑ ውስጥ ሁለት ነገር መነካካት ያስፈልጋል። አንዱ «ያለ ሌንስ ሹተር ይሥራ» የሚለው ነው፤ አሁን የምሠራባት ሚረርለሷ ሶኒ ይህን ሌንስ እንደ ሌንስ አትቆጥረውምና። ሁለተኛው የእጅ መንቀጥቀጥ መቀነሻው ነው፤ ሌንሱ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ አንተ ካልነገርካት በራሷ አታውቅም። ከዚያ በኋላ አፐርቸሩን፣ ማለትም የብርሃን ቀዳዳውን በእጅ፣ ፎከሱን በእጅ። ብርሃኑን እሷ ትለካለች።

ፉል ፍሬም፣ ማለትም ሴንሰሩ የድሮውን ፊልም ያህል ትልቅ የሆነ ካሜራ፣ ለምን አስፈለገ ላለኝ ሰው መልሴ ጥራት አይደለም። በትንሹ ሴንሰር ካሜራ ላይ ይሄ ሌንስ ተራ ነገር ነው። መሀሉ ብቻ ተቆርጦ ይወሰዳል፤ መሀሉ ደግሞ ጨዋ ነው። ጉዱ ያለው ዳር ዳር ላይ ነው። ፋሲል መዋኛ ያሉት ዛፎች ሥር ሰው አቁመህ በኤፍ/2 ስታነሳ ከኋላ ያለው ቅጠል በሰውዬው ዙሪያ ይሽከረከራል። ሄሊዮስን ታዋቂ ያደረገው ይሄ ሽክርክሪት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔን ቶሎ ሰለቸኝ። ሦስት አራት ፎቶ ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ፊታቸውን ትተህ ቅጠሉን ማየት ትጀምራለህ።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው እንደ ጉድለት የሚቆጥረው። የዚህ ሌንስ ብርጭቆ ላይ የተቀባው ሽፋን የድሮ ስለሆነ ብርሃን ውስጡ ይበተናል። ጥቁሩ ድፍን ጥቁር አይሆንም፣ በስሱ ይገረጣል። የጎንደርን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በጾም የአዘቦቱ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ነጠላ ያጣፉ እናቶች ልክ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ነው በግንቡ አጥር ሥር የሚያልፉት። ነጩ ነጠላ ዓይን ይወጋል። ግንቡ ጠቆር ያለ ቡናማ ድንጋይ ነው። ጥላው ደግሞ እንደ ቀለም ይወርዳል። በአዲሱ ሌንሴ ሳነሳ ፊታቸው ከነጠላው ሥር ይጠፋል፤ ጠርዙ ሁሉ ይቆርጣል። በሄሊዮሱ ያው ሰው፣ ያው ሰዓት፣ ጥላው ውስጥ ያለው ጉንጭ ይታያል።

ሴንሰሩ አልተሻሻለም፤ እንዲያው ትርፍ ብርሃን ጥላው ላይ ፈሰሰ እንጂ። በኮምፒውተር ጥቁሩን ብታነሳው ይቀራረባል የሚል ጓደኛ አለኝ። ሞክሬዋለሁ፤ ቆዳው አመድ ይመስላል። ምናልባት እሱ ከኔ የተሻለ ያቃና ይሆናል። እኔ ግን ቤት ስገባ የማቃናው ባይኖር እመርጣለሁ።

ፀሐይዋ በቀጥታ ስትመጣ ነገር ይበላሻል፤ ፎቶው ላይ ወተት የተደፋበት ነው የሚመስለው። ለዚያ 49 ሚሊሜትሩ ጥርስ ላይ የሚጠመዘዝ የጎማ ጥላ አለኝ። እሱ ሲጠፋ መዳፌ ይሠራል።

ፎከሱ ነው ትዕግሥት የሚጠይቀው። ሶኒዋ ጥርት ያለውን ጠርዝ በቀለም የምታሳይበት ፎከስ ፒኪንግ የሚባል ነገር አላት። እኔ ቀይ አድርጌዋለሁ። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ፈቅደውልኝ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ የነጠላቸው ጥበብ ከዳር እስከ ዳር ቀይ በቀይ ሆኗል። በጣም ጠራ ማለት ነው ብለህ ብትጫነው ዓይናቸው ደብዝዞ ታገኘዋለህ። ፒኪንግ የሚፈልገው ጉልህ ልዩነትን ነው፤ ጥበብ ደግሞ ነጭ ላይ የተሸመነ ቀለም ነውና ሁልጊዜ ቀድሞ እሱን ይቀባዋል። በኤፍ/2፣ በአንድ ሜትር ርቀት ከትከሻ እስከ ዓይን ያለው ልዩነት ብዙ ነው። ስለዚህ ፒኪንጉን እተወዋለሁ። ምስሉን አጉልቼ፣ ሽፋሽፍቱን አይቼ፣ ቀለበቱን ፀጉር ታህል አዞራለሁ።

«ልጄ፣ አላለቀም እንዴ?»

«ትንሽ ብቻ እናቴ፣ እንዳይነቃነቁብኝ።»

«እኔስ ተቀምጫለሁ፣ አንተ ነህ የምትወዛወዘው።»

ሳቁ። ያቺን ነው ያነሳሁት።

በሌላ በኩል ይህን ሌንስ ይዤ የማልገባበት ቦታ አለ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ጠፍጣፋ ላይ የተሣሉ ናቸው፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል መጥራት አለባቸው። ሄሊዮሱ በኤፍ/2 መሀል ያሉትን ጥሩ አድርጎ ያሳይና ጥግ ላይ ያሉትን ይጎትታቸዋል። ኤፍ/8 ላይ ቢደረግ ይስተካከላል፣ ግን ውስጡ ጨለማ ነው፣ ፍላሽ ደግሞ ሥዕሉ ላይ አይተኮስም። እንዲህ ላለው አዲሱ ሌንስ ይበልጣል። ድሮ የተሠራ ሁሉ ነፍስ አለው የሚሉ ሰዎች እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ዝም ቢሉ ደስ ይለኛል።

አያያዙ ቀላል ነው። የሽማግሌውን የቆዳ ማኅደር ለትዝታ አስቀምጬዋለሁ እንጂ ሌንሱን አላስቀምጥበትም። ቆዳ የክረምቱን እርጥበት ይይዛል፣ ከዚያ ብርጭቆው ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ ይበቅላል። አሮጌ ሌንስ ለመግዛት የምታስቡ፣ ከኋላው በስልካችሁ መብራት አብሩበትና በፊት ለፊት እዩት። አቧራ ምንም አይደለም። ድር ካያችሁ ተዉት። ከዚያ የአፐርቸሩን ስምንት ቅጠሎች፣ ቀዳዳውን የሚያጠቡትን ስስ ብረቶች እዩ፤ የዘይት ወዝ ሊኖርባቸው ይችላል፤ 44-2 ላይ በእጅ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ ብዙም አይጎዳም፣ ካሜራው ራሱ በሚዘጋቸው ሌንሶች ላይ ግን ይጣበቃሉ። ቢጫ ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ አትደንግጡ። ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊሜትር ኤፍ/1.4 የሚባለው የድሮ የፔንታክስ ሌንስ አንዳንዱ ብርጭቆው ውስጥ ቶሪየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ስላለ በዕድሜ ይበልዛል፤ ፀሐይ ላይ ሰንበት ሲል ይጠራል። ፀሐይ ደግሞ እዚህ አይቸግርም።

አብሮኝ ሰርግ የሚያነሳው ልጅ «ይሄን አሮጌ ብረት ሰርግ ላይ ይዘኸው እንዳትመጣ» ብሎኛል። ሙሽራዋ ስትገባ አልይዘውም፣ እሱ ልክ ነው፤ እየጨፈረች የምትመጣን ሰው በእጅ ፎከስ ማሳደድ አይቻልም። የሙሽራው እናት ግን ዳሱ ሥር ተቀምጠው ነው የሚውሉት። ለሳቸው አወጣዋለሁ።